በጭውውት የሌላውን ሕዝብ ኑሮ ማወቅ

ጭውውት ስንል ሁለት ወይም ከሁለት የሚበልጡ ሰዎች ተራ በተራ እየተናገሩና እየተደማመጡ ሐሳብ የሚለዋወጡበትን መንገድ ማለታችን ነው። ከንግግርና ከክርክር የሚለየው አስቀድሞ የተዘጋጀ አቅጣጫ የሌለው በመሆኑ ነው። ተናጋሪው ስለ ቡና የጀመረውን ወሬ አድማጩ በአንድ ጥያቄ ወደ ሠርግ ወይም ወደ ልቅሶ ሊያዞረው ይችላል። አንዳንድ ሰዎች ጭውውትን የሥራ ፈት ጊዜ ማሳለፊያ አድርገው ይቈጥሩታል። ይሁን እንጂ የአንድን ሕዝብ የዕለት ኑሮ ለማወቅ ከዚህ የሚሻል በር በቀላሉ አይገኝም። መጽሐፍ የሚነግረን ጸሐፊው ሊነግረን የፈለገውን ነው፤ ፊልምም የሚያሳየን ካሜራው የተደቀነበትን ብቻ ነው። ሰው ግን ሲጠየቅ ይመልሳል፤ መልሱ ካልገባንም ደግመን ልንጠይቀው እንችላለን።

በሚዛን ተፈሪ፣ ማለት ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን በምትባለው ከተማ፣ ወይም በቴፒና በአካባቢዋ የምትኖሩ ተማሪዎች ይህን ከማንም በተሻለ ታውቁታላችሁ። ገበያ ስትወጡ የቤንች፣ የሸካ፣ የከፋ፣ የሸኮ፣ የመዠንግርና የመኤን ቋንቋዎች በአንድ መንገድ ላይ ይሰማሉ፤ አማርኛውና ኦሮምኛው በመካከላቸው ይመላለሳል። ከቡና ቅጠል በቅመማ ቅመም ተፈልቶ የሚጠጣው ጨሞ እንዴት እንደሚዘጋጅ ከመጽሐፍ አንብቦ ያወቀ ተማሪ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለንም። ያወቃችሁት በጎረቤት ቤት ተቀምጣችሁ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ነው። እንግዲህ በጎረቤት ቤት የሠራው መንገድ ባሕር ተሻግሮ ለሚኖር ሕዝብም ይሠራ እንደ ሆነ እንመልከት። ለዚህም የኮሪያን ሕዝብ ምሳሌ አድርገን ወስደናል።

ኮሪያን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ዛሬ ብዙ ወጣቶች የኮሪያን ፊልምና ዘፈን ይከታተላሉ፤ የተዋንያኑን ስም እስከ መቍጠር የደረሱም አሉ። ነገር ግን ፊልም አይጠየቅም። በፊልሙ ውስጥ ልጅቱ ለአባቷ መጠጥ ስትቀዳ ለምን በሁለት እጅዋ እንደ ያዘች፣ ወጣቱም ከሽማግሌ ፊት ሲጠጣ ለምን ፊቱን ወደ ጐን እንደ መለሰ የሚያስረዳ የለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጣል። ኢትዮጵያውያንና ኮሪያውያን ፊት ለፊት ተገናኝተው መነጋገር የጀመሩት ፊልሙ ሳይኖር፣ ቴሌቪዥንም ሳይገባ፣ ከሰባ ዓመት በፊት ነው።

በሰኔ 1942 ዓ.ም. በኮሪያ ጦርነት ሲነሣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮችን ርዳታ ጠየቀ። ኢትዮጵያም ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ፣ ቃኘው የተባለ ሻለቃ ጦር ላከች። የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ፑሳን በሚባለው ወደብ ወረደ። በየተራ እየተተኩ ወደዚያ የዘመቱት ከ6,000 ይበልጣሉ፤ ከ120 የሚበልጡት እዚያው ወደቁ፤ ከመካከላቸው ግን አንድም የተማረከ አልነበረም። የተኩስ ማቆም ስምምነት ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተፈረመ። ዘማቾቹ በዶንግዱቾን ከተማ ለሙት ልጆች ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። እስቲ አስቡት፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ወታደርና ኮሪያኛ ብቻ የሚያውቅ ሕፃን በምን ተግባቡ? መቼም የሰዋስው መጽሐፍ አልነበራቸውም። በእጅ ምልክት፣ በምግብ ስም፣ በዘፈን ጀምረው ቃል ለቃል እየተቀባበሉ መሆን አለበት።

ከዚህ መተዋወቅ የቀረ ምልክት ዛሬም አለ። ቹንቾን በምትባለው የኮሪያ ከተማ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች ሐውልት ቆሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሪያን በጐበኙበት በ1960 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያው ዘመን ከሐውልቱ አጠገብ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ ቡና ቤት ተከፈተ፤ ኮሪያውያን የኢትዮጵያን ቡና የቀመሱበት የመጀመሪያ ደጃፍ እየተባለ የሚነገርለት ይህ ቤት እስከ አሁን ይሠራል። በእናንተ አካባቢ ደን ውስጥ ከሾላና ከዋንዛ ጥላ ሥር የሚበቅለው ፍሬ በሩቅ አገር የወሬ መክፈቻ ሆኗል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ንግግሩ እንግባ። የጭውውት የመጀመሪያ ቃል ሰላምታ ነው። ኮሪያውያን ሲገናኙ «አንኞንግ ሃሴዮ» ይላሉ፤ «አንኞንግ» ማለት ሰላም፣ ደኅንነት ማለት ስለ ሆነ፣ ፍቺው «በደኅና አሉ?» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ከዚህ ሌላ፣ በተለይ ሽማግሌዎች የሚወዱት፣ «ምግብ በልተሃል?» የሚል የቈየ ሰላምታ አላቸው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊጋብዝ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ እንዴት ከረምህ ማለቱ ነው። ረኃብ የደረሰበት ሕዝብ ደኅንነትን በምግብ ቢለካ አያስደንቅም።

በዚህ ሰላምታ ውስጥ ያለው «ባፕ» የሚለው ቃል ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ባፕ የበሰለ ሩዝ ነው፤ ነገር ግን ማንኛውም ማዕድ ባፕ ይባላል። እኛ «እንጀራ» ስንል የጤፉን እንጀራ ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያንም ጭምር ማለታችን አይደለምን? «እንጀራ ፍለጋ ወጣ»፣ «እንጀራ ወጣለት» እንላለን። ኮሪያውያንም «ባፕጁል» የሚል ቃል አላቸው፤ «ጁል» ገመድ ስለ ሆነ፣ ቃል በቃል ሲፈታ «የሩዝ ገመድ» ማለት ይሆናል። ከሥራው የተባረረ ሰው በእነርሱ አነጋገር የሩዝ ገመዱ ተቈረጠ ይባላል። በእኛ ደግሞ የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ። ሁለቱ ሕዝቦች ይህን ከየት ተዋሱት ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ አንዱ ከሌላው አልተማረውም። አንደኛው ከሩዝ ማሳ፣ ሁለተኛው ከጤፍ ማሳ ተነሥቶ ወደ አንድ ቃል ደረሰ። እንዲህ ያለውን ነገር ፊልም በመመልከት ብቻ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሰው አግኝቶ «በእናንተ ቋንቋ ሥራ ያጣ ሰው ምን ሆነ ይባላል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አክብሮትን በሚመለከትም የአማርኛ ተናጋሪ ኮሪያኛን ለመረዳት ዕድለኛ ነው። እኛ «መጣ» እና «መጡ» በማለት የአንዱን ሰው ክብር በግሱ ላይ እናሳያለን፤ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ በአንዳንድ አገርም «አንቱ» እንላለን። ኮሪያውያንም ታላቅን ሲያከብሩ በግሱ መካከል «ሺ» የሚል ድምፅ ያስገባሉ። አንዳንዴም ቃሉን ጨርሰው ይለውጡታል፤ የእኩያ ማዕድ «ባፕ» ሲባል የአያት ማዕድ ግን «ጂንጂ» ይባላል። የዐረፍተ ነገሩ አሠካክም እንግዳ አይሆንባችሁም። «ልጁ ቡናውን ጠጣ» ባልን ጊዜ ባለቤቱ ቀድሞ፣ ተሳቢው ተከትሎ፣ ግሱ መጨረሻ ይመጣል፤ በኮሪያኛም ሥርዐቱ ይኸው ነው። በተሳቢው ላይ የምንጨምረው «ን» እንኳ አምሳያ አለው፤ እነርሱ ቡናን «ኮፒ» ይሉታል፣ ተሳቢ ሲሆን «ኮፒሩል» ይሆናል። («ፍ» የሚለው ድምፅ በቋንቋቸው ስለሌለ ነው ቡና «ኮፒ» የሆነው።)

የዝምድና ስሞቻቸውን በሚመለከት ግን ከእኛ ይበልጥ ይራቀቃሉ። ወንድ ልጅ ታላቅ ወንድሙን «ሂዮንግ» ይለዋል፤ ሴት ልጅ ያንኑ ሰው «ኦፓ» ትለዋለች። ታላቅ እኅትንም ወንዱ «ኑና»፣ ሴቲቱ «ኦንኒ» ይሏታል። እነዚህ ስሞች፣ «ጋሼ» እና «እትዬ» በእኛ ዘንድ እንደሚያገለግሉት፣ ለሥጋ ዘመድ ብቻ የተወሰኑ አይደሉም፤ በዕድሜ ለሚበልጥ ወዳጅም ይነገራሉ። ታዲያ አንድ ኮሪያዊ በተዋወቃችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዕድሜያችሁን ቢጠይቃችሁ አትደነቁ። ሊመረምራችሁ አይደለም፤ በየትኛው ግስ እንደሚያነጋግራችሁ ሊለይ ነው። እዚህ ላይ ግን ሌላ ውስብስብ ነገር አለ። ኮሪያውያን በልማድ የተወለደውን ሕፃን የአንድ ዓመት ልጅ ብለው ጀምረው፣ በየአዲሱ ዓመት መባቻ አንድ ይጨምሩ ነበር፤ ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን መንግሥታቸው በሕግ ሌላው ዓለም በሚቈጥርበት መንገድ እንዲቈጠር አድርጓል። እናንተም በበኩላችሁ «በ2002 ዓ.ም. ተወለድሁ» ብትሉ፣ የዘመን አቈጣጠራችንን የማያውቅ እንግዳ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጃችኋል። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን ስትናገሩ የማን አቈጣጠር እንደ ሆነ መግለጽ ይበጃል።

ከዚህ በላይ የተባለውን በምሳሌ ለማየት፣ እንበልና አንዲት ኮሪያዊት እንግዳ፣ አማርኛ በመማር ላይ ያለች፣ በቴፒ አጠገብ በአንዲት ተማሪ ቤት ቡና ተጠርታ ተቀምጣለች። አቦሉ ወርዷል፤ ቆጮም ቀርቧል።

እንግዳዋ፦ «ይህ ከምን የተሠራ ነው?»

ተማሪዋ፦ «ቆጮ ይባላል፤ ከእንሰት ይሠራል።»

እንግዳዋ፦ «እንሰት? ጓሮ ያየሁት ሙዝ ነው?»

ተማሪዋ፦ «ሙዝ ይመስላል እንጂ ሙዝ አይደለም፤ ፍሬው አይበላም። ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፤ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል።»

እንግዳዋ፦ «ይቀበራል? ለስንት ጊዜ?»

እናት፦ «ወራት ይቈያል። ሲቈይ ነው የሚጥመው።»

እንግዳዋ፦ «አያቴም ትቀብር ነበር! ጎመኑን በጨው፣ በበርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት አድርጋ በትልቅ እንስራ ትቀብር ነበር። ኪምቺ ይባላል።»

ተማሪዋ፦ «ብቻቸውን ነበር የሚሠሩት?»

እንግዳዋ፦ «ብቻቸውን? አይቻልም! የጎረቤት ሴቶች ሁሉ ይመጣሉ። ያን ቀን ቤቱ ይሞላል።»

እናት፦ «ታዲያ ሥራው ሲያልቅ ምን ትበላላችሁ፣ ልጄ?»

እንግዳዋ፦ «የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ፣ ከአዲሱ ኪምቺ ጋር።»

እናት፦ (ጥቂት ዝም ካለች በኋላ) «እኛ እሱን አንበላም። እንደኛ የማይበላ እንግዳ ቢመጣባችሁስ ምን ትሰጡታላችሁ?»

ይህችን አጭር ጭውውት ደግማችሁ አንብቧት። በመጀመሪያ፣ እንግዳዋ ስለ አያቷ ስትናገር «ትቀብር ነበር» አለች። አያትን «እሷ» ማለት በብዙ ቤት እንደ ነውር ባይቈጠርም፣ በራሷ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ እንግዳዋ የአክብሮቱን ግስ በመረጠች ነበር፤ በአማርኛ ግን ገና አላወቀችውም። ተማሪዋ «ተሳስተሻል» አላለቻትም፤ «ብቻቸውን» ብላ ጠየቀቻት፣ እንግዳዋም ቃሉን ተቀብላ መለሰችው። ሰውን ሳያሳፍሩ ቋንቋ ማስተማር ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለው አይመስልም። በሁለተኛ ደረጃ የእናትየዋን አመላለስ ተመልከቱ። የማትበላውን ነገር ስትሰማ ፊቷን አላጠቈረችም፤ የራሷንም ሥርዐት አልደበቀችም። «አንበላም» አለች፤ ወዲያውም ጭውውቱን በሌላ ጥያቄ አስቀጠለች። ብዙ ጭውውት የሚቋረጠው እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ ነው፤ አንዱ ወገን «ኤጭ!» ይላል፣ ሌላው ያፍራል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አየር ጠባይ ይሆናል።

የኪምቺው ነገር እውነት ስለ መሆኑ ጥቂት እንጨምር። በኮሪያ የክረምቱ ብርድ ከመግባቱ በፊት፣ በኅዳር ገደማ፣ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ የክረምቱን ኪምቺ ያዘጋጃል፤ ይህ ሥርዐት «ኪምጃንግ» ይባላል። በእናንተ አካባቢ የቡና ለቀማ የሚደራበት ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል። በ2013 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ኪምጃንግን ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። የተመዘገበው ጎመኑ አይደለም፤ አብሮ የመሥራቱና የመካፈሉ ልማድ ነው። ዛሬ ብዙው ኮሪያዊ በፎቅ ቤት ስለሚኖር እንስራ የሚቀብርበት መሬት የለውም፤ በዚህም ምክንያት ለኪምቺ ብቻ የሚያገለግል ማቀዝቀዣ ተሠርቷል። (በርበሬ ራሱ ለሁለታችንም እንግዳ ነው፤ ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ ወደ ዓለም የተሠራጨው ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ዛሬ ግን ያለ በርበሬ ወጥም ኪምቺም አይታሰብም።)

ስለ አጠያየቅም መናገር ይገባል፤ በጭውውት የሚገኘው ዕውቀት በጥያቄው ልክ ነውና። «ኮሪያውያን ሩዝ ይወዳሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ «አዎን» ብቻ ነው። «ልጅ ሳሉ ጧት ከትምህርት ቤት በፊት ምን ይበሉ ነበር? ማን ነበር የሚሠራው?» ብትሉ ግን አንድ ቤት ከነቤተ ሰቡ ይከፈትላችኋል። ምናልባት ከወለሉ ሥር በሚተላለፍ ሙቀት የሚሞቅ ክፍል እንዳላቸው፣ ጫማ ደጃፍ ላይ እንደሚወልቅ፣ ከገበታ ታላቅ ሰው ማንኪያ ሳያነሣ ታናሽ እንደማይጀምር፣ ማንኪያን በሩዝ ላይ አቁሞ መተው ለሙታን የሚቀርበውን ማዕድ ስለሚያስታውስ ነውር መሆኑን ትሰማላችሁ። ጉርሻ አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ፤ ሥጋውን በቅጠል ጠቅልለው ለሚወዱት ሰው በአፉ የሚያደርጉበት ልማድ አላቸው። «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ግን አታብዙ፤ ሲደጋገም እንደ ክስ ይሰማል። «እንዴት?» እና «መቼ?» የበለጠ ያስገኛሉ። አገሪቱ ለሁለት የተከፈለች ስለ ሆነች፣ በሰሜን የቀሩ ዘመዶች ያሏቸው ቤተ ሰቦች አሉ፤ ሰውዬው ራሱ ካላነሣው ይህን መነካካት ደግ አይደለም። እናንተም እንድትጠየቁ ተዘጋጁ። ስለ ቡና የምትጠየቁትን «እናቴ ታውቃለች» ብላችሁ ካለፋችሁት ጭውውቱ አንድ እግሩን ያጣል።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ እንግዳ ነው። ከእንግዳው የሚበልጥ አስቸኳይ ጉዳይ ግን አለ። ስለ ኮሪያ ለመስማት የግድ ኮሪያዊ ማግኘት አያስፈልግም፤ በአገራችን ውስጥ ኮሪያን በእግራቸው የረገጡ አባቶች ነበሩ፣ ጥቂቶቹም አሉ። በ1943 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠናውን ዘሎታል። እነዚህ ሰዎች ለረጅም ጊዜ አልተጠየቁም። በደርግ ዘመን መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ነበር፤ በአዲስ አበባ የትግላችን ሐውልት ሲሠራም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ተካፍለዋል። በዚያ ጊዜ ለደቡብ ኮሪያ የተዋጉት ዘማቾች ታሪካቸውን መናገር አደጋ ሆነባቸው፤ ኒሻናቸውን የሸሸጉ፣ ለልጆቻቸው እንኳ ያልነገሩ ነበሩ። ኋላ በአዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመላቸው፤ በቹንቾንም በ1999 ዓ.ም. የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፈተላቸው። በሐውልት ላይ ግን ስምና ቀን እንጂ ጭውውት አይጻፍም። የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ምን እንዳሉ፣ ከመንደር ልጆች የተማሩት የመጀመሪያ የኮሪያ ቃል የትኛው እንደ ነበረ፣ ሩዙን እንዴት እንደ ለመዱት የሚናገረው አፍ ብቻ ነው። በቤተ ሰባችሁ ወይም በቀበሌያችሁ የዘማች ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ፣ አባቱ ቡና ላይ ይናገሩ የነበረውን ጠይቁት። ነገ የሚባል ቀጠሮ ለዚህ ሥራ አይመችም።

የሰማችሁትን ስትጽፉ አንድ የሰዋስው ጥንቃቄ አድርጉ። በአማርኛ የሌላውን ሰው ንግግር ስንጠቅስ ባለቤቱ እንደ ተናገረው በአንደኛ መደብ ማስቀመጥ ልማዳችን ነው። ስለዚህ በድርሰታችሁ ውስጥ፣

እንግዳዋ እናቴ ኪምቺ ትሠራለች አለች።

ብላችሁ ብትጽፉ፣ አንባቢው ኪምቺ የምትሠራው የእንግዳዋ እናት ትሁን የጸሐፊው እናት ሊለይ አይችልም። በንግግር ጊዜ ድምፃችን ይህን ይለየዋል፤ በጽሑፍ ጊዜ ግን ትእምርተ ጥቅስ ያስፈልጋል፦

እንግዳዋ «እናቴ ኪምቺ ትሠራለች» አለች።

ወይም ዐረፍተ ነገሩን ወደ ተዘዋዋሪ አነጋገር መለወጥ ይቻላል፦

እንግዳዋ እናቷ ኪምቺ እንደምትሠራ ተናገረች።

የመጀመሪያው የሰውን ድምፅ ያቈያል፤ ሁለተኛው ነገሩን ያሳጥራል። ባጠቃላይ፣ ማንም ሊለው የሚችለውን ነገር በተዘዋዋሪ ጻፉት፤ ያ ሰው ብቻ ሊለው የሚችለውን ግን ከነቃሉ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስቀምጡት። ሽማግሌው «በረዶውን ሳየው ጥጥ መስሎኝ ነበር» ቢሉ፣ «በረዶ አይተው እንደማያውቁ ገለጹ» ብሎ መተርጐም ማባከን ነው። የሰማችሁበትን ቀንና ቦታ ከጽሑፉ ራስጌ መዝግቡ፤ የተናጋሪውን ስም የምትጽፉት ግን ሲፈቅድ ነው። ጽሑፉን ከማስረከባችሁ በፊት ለተናገረው ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። «እንዲህ አላልሁም» ካለ አርሙት፤ «ይህንስ ረስቼው ነበር፣ ሌላም አለ» ካለ ደግሞ ብዕራችሁን አንሡ።